ጽዋው ተረካቢ ያጣበት ግንቦት

የሙጂብ ባጃጅ ከከሚሴ አስፋልት ወርዳ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወስደውን የጭቃ መንገድ ስትይዝ፣ አቶ ማስረሻ ጽዋውን በጉልበታቸው መካከል፣ ባሕረ መዝገቡን በብብታቸው፣ ባርኔጣቸውን በጥርሳቸው ይዘው ነበር። ባርኔጣ በጥርስ መያዝ ለአንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ያውም ለልደታ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ለሙሴው፣ የሚመጥን አልነበረም። ግን ሁለቱ እጆቻቸው የባጃጇን ብረት ካልጨበጡ ሙሴውም ጽዋውም መዝገቡም ቦይ ውስጥ መግባታቸው ስለማይቀር፣ ክብርን ለጊዜው በጥርስ ማቆየት ሳይሻል አይቀርም።

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ግንቦት አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት። ረቡዕ ደግሞ የጨፋ ሮቢት ገበያ ስለሚውል መንገዱ የባጃጅ ሳይሆን የከብት ነበር። በሬው፣ ፍየሉ፣ ማሽላ የተጫነው አህያ ሁሉ ባጃጇን እንደ ታናሽ ወንድም እየገፋ ያልፋታል። አንድ ግመል ቆም አለና ረጅም አንገቱን በጎን በኩል አስገብቶ ጽዋው ያለበትን ሙዳይ አሸተተ። አሸተተና ከንፈሩን አጣሞ፣ ንቆ አለፈ።

«ግመሉም አላነሳውም» አለ ሙጂብ።

አቶ ማስረሻ ባርኔጣውን ከጥርሳቸው አላቀቁ። «ምን አልክ?»

«አይቆጡኝ እንጂ ጋሼ፣ ከተማው ያውቃል። ጽዋው ዛሬ የሚያነሳው ከታጣ ማኅበሩ ይፈርሳል አሉ። ባጃጅ ተራ ላይ ተወራርደናል። እኔ በአቶ ፈቃደ ላይ አንድ ዙርባ ጫት አስይዣለሁ።»

«ያነሳል ብለህ?»

«ኧረ አያነሳም ብዬ! ጫቴን መንገድ ላይ የምበትን እመስላለሁ?»

አቶ ማስረሻ ባርኔጣውን መልሰው በጥርሳቸው ያዙ። ጫት ቢቅሙ ኖሮ እሳቸውም በዚያው በኩል ነበር የሚያስይዙት።

የልደታ ማኅበር የተመሠረተው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ መሥራቾቹም በዝውውር ደብዳቤ ከሚሴ የወረዱ አሥራ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዘመኑ ጽዋ በአደባባይ የሚነሳበት አልነበረምና በሩ ላይ «የውይይት ክበብ» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን ድንገት የገባ ካድሬ ድፎ ዳቦውን አይቶ «ይህ በየትኛው አጀንዳ ነው?» ቢላቸው፣ «በምርት ዘመቻ» ብለው አንድ ቁራሽ አስያዙት። ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንድ ቀን «ለክትትል» ይመጣ ነበር። ያን ያህል የጠና ማኅበር ነበር።

ሥርዓቱም ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አንዱ አባል ይደግሳል፤ ቄሰ ገበዙ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጽዋው ይዞራል። በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ጽዋውን በሁለት እጁ ይቀበልና ማኅበርተኛው እየዘመረ እቤቱ ያደርሰዋል። በሁለት እጅ የተቀበሉት ጽዋ አይመለስም፤ በአንድ እጅ የተቀበሉት ደግሞ እንዳልተቀበሉት ይቆጠራል። ይህን ሁሉ በአሥራ አንድ አንቀጽ ያሰፈሩት ራሳቸው አቶ ማስረሻ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር በእሳቸው ዘንድ ወሬ ነው።

አሁን ግን ከአሥራ ሁለቱ ገሚሱ ሞቶ፣ ገሚሱ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሁለት ወጣቶች ቢተኩም ማኅበሩ አምስት ሰው ቀርቶታል። ለአምስት ሰው አሥራ ሁለት ወር ብዙ ነው። የዛሬዋ ደጋሽ ወይዘሮ ወለተገብርኤል ናቸው፤ ድስታቸውን ይዘው ማልደው ስለወጡ ጽዋውን እንዲያመጡላቸው ለአቶ ማስረሻ በሙዳይ ልከውላቸዋል፤ በላይ በላዩ ሁለት ወር መደገስ በደንቡ ክልክል ነው። አቶ ማስረሻ ራሳቸው እንዳያነሱ አንቀጽ ዘጠኝ «አንድ አባል በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ጽዋ አያነሳም» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ መስከረምን፣ ጥርንና ሚያዝያን አንስተዋል። ያን አንቀጽ ያኔ የጻፉት ማኅበሩን በድግስ ሊገዛ የቃጣውን አንድ ሀብታም ነጋዴ ለማገድ ነበር። ነጋዴው ከከሚሴ ከሄደ ሃያ ዓመት አለፈው፤ አንቀጹ ግን ጠብቆ ጠብቆ ጸሐፊውን ያዘ። አንቀጽ አሥራ አንድ ደግሞ የባሰ ነው፦ ተረካቢ ያጣ ጽዋ በዕለቱ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይገባል፤ ማኅበሩም ይበተናል።

አቶ ማስረሻ ሚስታቸውን ከቀበሩ አምስት ዓመታቸው ነው። ከወሩ ሠላሳ ቀን ሃያ ዘጠኙን ከሬዲዮናቸው ጋር ይበላሉ። ሬዲዮ ደግሞ «ብሉልኝ» አይልም። ወር በገባ በአንደኛው ቀን ብቻ «ኧረ ብሉ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይባላሉ። ዛሬ ጽዋው ተረካቢ ካጣ ሠላሳውም ቀን የሬዲዮ ሊሆን ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ የሚመለከተው አንቀጽ የለማ።

ባጃጇ ከዋርካው ሥር ስትደርስ ወይዘሮ ወለተገብርኤል የንፍሮውን ብረት ድስት በእንጨት ማማሰያ እየገለበጡ ነበር። ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ማሽላው ተፈንድቶ ይንተከተካል። የግንቦት ልደታ ደጅ ይውላል እንጂ ቤት አይገባም፤ የተቀቀለውም ከጣራ ሥር አያልፍም። ስለዚህ ማኅበሩ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ግንቦትን በዚህ ዋርካ ሥር አሳልፏል። ዋርካው ያለው አቶ አብዱልጀሊል የሚባሉ ገበሬ ማሳ ዳር ነው። ዛሬም ሰማዩ ስላላማራቸው የሽንኩርታቸውን መሸፈኛ ሸራ አምጥተው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጥረው ወደ ማሳቸው ተመልሰዋል።

«ሙሴያችን መጡ!» አሉ ወይዘሮ ወለተገብርኤል። ስድሳ ዓመት የሞላቸው የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ምላሳቸው ከሸቀጣቸው አይለይም። «ይግቡ፣ ይግቡና ጉድዎን ይዩ። ዛሬ ማኅበርተኛው እጅ የለውም።»

«እጅ የለውም ሲሉ?»

«ይዩታ!»

አቶ ማስረሻ አዩ። አቶ ፈቃደ፣ በከተማው የታወቁት የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ በግራም በቀኝም አንዳንድ የተዘረጋ ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል። የዞን ግብርና ባለሙያው ወንዴ ቀኝ እጁን ከጣቱ እስከ ክርኑ በነጭ ፋሻ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ነርሷ ነፃነት ደግሞ የስምንት ወር ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋለች። ነፃነት አላገባች፣ አልወለደች።

«አቶ ፈቃደ፣ ሁለት ዣንጥላ?» አሉ አቶ ማስረሻ።

«አንዱ ለፀሐይ፣ አንዱ ለዝናብ። የግንቦት ሰማይ ይታመናል እንዴ ሙሴ?»

«አጥፈህ አስቀምጣቸዋ!»

«አይታጠፉም፤ ዝገዋል።»

«ጎሽ» አሉ ወይዘሮ ወለተገብርኤል። «ቤትህስ? ቀለሙ አለቀ? አምና ሳትደግስ ‘ቤቴ ቀለም እየተቀባ ነው’ ብለህ፣ ካቻምናም ‘ቀለም እየተቀባ ነው’። አንተ አይደለህም እንዴ ለከተማው ሁሉ ቀለም የምትሸጥ?»

«እትዬ ወለተ፣ እሸጠዋለሁ እንጂ መች ይተርፈኛል!»

ሴትዮዋ ማማሰያቸውን ወደ ወንዴ አዞሩ። «አንተስ ምን ሆንክ ልጄ?»

«በር ቆርጦኝ ነው፣ እትዬ።»

«የቱ በር?»

«የቢሮ።»

«የመንግሥት ቢሮ በር መች ተከፍቶ ያውቃልና ነው ሲዘጋ የሚቆርጥህ? ማን ጠቀለለልህ?»

ወንዴ ወደ ነፃነት ሰረቅ አድርጎ አየ። ነፃነት ወደ ሕፃኗ አየች። ሕፃኗ ወደ ቄሰ ገበዙ ጺም አየች።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

«የእኅቴ ልጅ ናት፣ ልደት ትባላለች። በስሟ በዓል ላምጣት ብዬ ነው» አለች ነፃነት። «አይዞሽ ብትሏትም ከእኔ በቀር ወደ ማንም አትሄድም። ከእጄ ካወረድኳት ትታመማለች።»

ልደት ይህን ጊዜ ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ ወደ ሙጂብ፣ ወደ ድስቱ፣ ወደ ዋርካውም ጭምር ልትሄድ ትታገል ነበር።

ቄሰ ገበዙ አስታራቂ ሰው ናቸው። ሦስት ደብር የሚያህል ሥራ በአንዲት ቆርቆሮ ክዳን ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ስለሆነ ለጠብ ጊዜ የላቸውም። «በሉ እናድርስ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ነው» አሉ። ጸሎቱ ደረሰ። ድፎው ተቆረሰ። ጽዋው ከሙዳይ ወጣ፤ ጥቁር የሸክላ ዋንጫ ነው፣ አፉ ላይ በሰባ ስድስት የተሸረፈ፣ ካድሬው ሲቸኩል። ዞሮ ተቀመሰ። ንፍሮውም ቀረበ። አቶ ፈቃደ ንፍሮ እንዴት እንደሚበሉ ሁሉም ለማየት ጓጉቶ ነበር፤ አንዱን ዣንጥላ በብብታቸው አስገብተው፣ ሰው ቀና ሲል መልሰው እየያዙ፣ ሁለት እፍኝ ጨረሱ። ወንዴ በግራ እጁ በላ፤ ትንሽ ቆይቶ ረስቶት በቀኙ ደገመ። ከፋሻው ጫፍ ሽምብራ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በሉ፣ ተጨዋወቱ፣ ሳቁ። ወይዘሮ ወለተገብርኤል «ኧረ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ ሙሴ» እያሉ የአቶ ማስረሻን ሳህን ሦስት ጊዜ ሞሉ። አቶ ማስረሻም በሉ። ሲበሉ ግን እንደ ሰው ሳይሆን እንደሚሸኝ መንገደኛ ነበር፤ እያንዳንዷን ፍሬ እያዩ።

ከዚያ ባሕረ መዝገቡን ይዘው ተነሡ። ንግግር አዘጋጅተዋል፣ አራት ገጽ። የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ጀመሩ ከባቲ በኩል ነጎደ። ገጹን ዘለሉት። ሁለተኛውን ሲጀምሩ ጠብታ ወደቀበት። ዘለሉት።

«ባጭሩ፣ የተከበራችሁ ማኅበርተኞች» አሉ፣ «የሰኔን ጽዋ ማን ያነሳል?»

የቦርከና ወንዝ ከታች ሲፈስ ይሰማል። አቶ ፈቃደ ሁለቱን ዣንጥላዎች ከፍ አደረጉ። ወንዴ ፋሻውን አሻሸና «እኔ እኮ ወደ ባቲ ልዛወር ነው፣ ጋሼ፤ ደብዳቤው እየተፈረመ ነው» አለ። ነፃነት ልደትን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች።

«ቄሰ ገበዝ፣ ጽዋውን ያዙሩት» አሉ አቶ ማስረሻ። «ደንቡ ሦስት ጊዜ ይዙር ይላል። በሦስተኛው ካልተነሳ…»

መዝገቡን ዘጉ።

ቄሰ ገበዙ ባዶውን ጽዋ በነጭ ነጠላ ይዘው አንድ ጊዜ ዞሩ። ማንም አልተነቃነቀም። ዝናቡ ወረደ፤ የግንቦት ዝናብ እንደ ባለዕዳ አያንኳኳም፣ በሩን ገፍቶ ነው የሚገባው። ሁሉም ወደ ሸራው መሐል ተጠጉ። መሸሽ አይቻልም፤ ንፍሮው ድስት ውስጥ እያለ ጣራ ሥር መግባት ነውር ነው። ሁለተኛ ዞሩ። ሸራው መሐሉ ላይ ውኃ ጠጥቶ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋ።

«ሊቀደድ ነው!» አለች ነፃነት።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አሉ አቶ ፈቃደ፤ በዕለቱ የተናገሩት ብቸኛው የጀግና ቃል ይህ ነበር። በዝናቡ ዣንጥላ ጫፍ የሸራውን ሆድ ወደ ላይ ነረቱት።

ውኃው ሄደ፤ የሄደው ግን በቄሰ ገበዙ ራስ ላይ ነው። ቄሰ ገበዙ «በስመ ሥላሴ!» ብለው አንድ እርምጃ ሲያፈገፍጉ ጭቃው እግራቸውን ወሰደው። እሳቸው በመቀመጫቸው ተቀመጡ፤ ጽዋው ግን አልተቀመጠም። ከነነጠላው ተነሥቶ፣ ከወንዴ ራስ በላይ፣ ከንፍሮው ድስት በላይ፣ የሠላሳ አራት ዓመቱ የሸክላ ዋንጫ እንደ ርግብ በረረ። አቶ ፈቃደ በዓይናቸው ተከተሉት። ወንዴ በዓይኑ ተከተለው። ማንም እጁን አልዘረጋም። አቶ ማስረሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሸክላ ድምፅ ሲጠብቁ የሰው ድምፅ ሰሙ።

«ቢስሚላሂ!»

ዓይናቸውን ሲገልጡ አቶ አብዱልጀሊል ከሸራው ጫፍ ቆመዋል። ሸራው እንዳይነቀል ገመዱን ሊያጠብቁ ከማሳቸው እየሮጡ መጥተው ነበር። ሽርጣቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ ጽዋው ደግሞ በሁለት እጃቸው መሐል፣ ደረታቸው ላይ ነው። ከኋላቸው ሚስታቸው ረቢአ የእርጎ ቅል ይዛ ቆማለች።

«አካም ኦልተኒ!» አሉ አቶ አብዱልጀሊል፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ሸክላ መቅለባቸው አሳፍሯቸው። «እንዴት ዋላችሁ? ምነው፣ ዕቃ መወራወር ጀመራችሁ እንዴ?»

ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ። ሁሉም የሚያየው እጃቸውን ነው። ሁለቱንም።

«በሁለት እጃቸው» አሉ ወይዘሮ ወለተገብርኤል፣ ቀስ ብለው።

«አባል አይደሉም!» አሉ አቶ ፈቃደ። «አይቆጠርም!»

አቶ ማስረሻ መነጽራቸውን ጠረጉ። ልባቸው አንድ ነገር ይመኛል፤ መዝገባቸው ሌላ ይላል። እሳቸው ደግሞ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ያልከዱ ሰው ናቸው። «እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደንቡ ለአባል ነው። አያ አብዱልጀሊል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ከስብራት አተረፉልን። ይመልሱልን።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ አቶ አብዱልጀሊል። «ለማን ልስጥ?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። አቶ አብዱልጀሊል ጽዋውን ወደ አቶ ፈቃደ ዘረጉ። አቶ ፈቃደ ሁለቱን ዣንጥላዎች አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ «እጄ ተይዟል» አሉ። ወደ ወንዴ ዘረጉ። ወንዴ ፋሻውን አሳየ። ወደ ነፃነት ዘረጉ። ነፃነት ልደትን አሳየች። ወደ አቶ ማስረሻ ዞሩ።

«እኔ አልችልም» አሉ አቶ ማስረሻ። «አንቀጽ ዘጠኝ።»

አቶ አብዱልጀሊል የሚሆነው ስላልገባቸው ወደ ሙጂብ ዞሩ። ሙጂብ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ እየቀረጸ ነበር። «ጋሽ አብዱልጀሊል፣ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሰኔን ድግስ ይደግሳል። ድግሱን ፈርተው ነው እንጂ እጅስ አላቸው።»

«ድግስ ፈርተው?» አሉ ሰውየው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የራስ ጥምጥማቸውን አወለቁና ጽዋውን ጠቀለሉበት። «እንግዲያው ይዤው እሄዳለሁ። በእጄ የገባ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አማና ደግሞ ጭቃ ላይ አይቀመጥም። አባቴ በዚህ ዋርካ ሥር ‘ጥላው የእናንተ ነው’ ሲላችሁ ሰምቻለሁ። ሰኔ አንድ ኮታ፣ ኑ፤ እዚሁ እደግሳለሁ።»

«ያ ረቢ!» አለች ረቢአ። «ሰውዬ፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀረው እኮ! ሰኔ አንድ እኛ ጾመኞች ነን።»

«የኛም የሰኔ ጾም ነው!» አሉ አቶ ፈቃደ፣ የዳኑ መስሏቸው። «ምንም አይበላም!»

ረቢአ የእርጎውን ቅል አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እናንተም ጾም፣ እኛም ጾም። መግሪብ ሲል፣ ፀሐይ ስትገባ፣ አብረን እናፈጥራለን። ቴምሩ አለ፣ ሾርባውም በዘይት ይሠራል። ጠላ እንደሆነ እኔ አልጠምቅም፤ የማያሰክረውን ቀሪቦ ትጠጣላችሁ።»

«ለጸሎቱ የምትሆነዋን ታህል እኔ በብርሌ አመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተገብርኤል ከአፏ ነጥቀው።

«በቃ። ስንት ናችሁ?» አለች ረቢአ።

«አምስት» አሉ አቶ ማስረሻ። «ከቄሰ ገበዙ ጋር ስድስት።»

«አምስት መቶ?»

«አምስት ሰው።»

ረቢአ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ዣንጥላዎቹን፣ ፋሻውን፣ ሕፃኗን። «ወላሂ፣ አምስት ሰው? ይህ ሁሉ ሽሽት ለአምስት ሰው ነው? እኔ ቤት በረመዳን ለፍጡር በየቀኑ አሥራ ሰባት ሰው ይቀመጣል። መንገደኛውን ሳልቆጥር። አምስት ሰው እኮ የድስት ጥራጊ የሚበቃው ነው!»

ከዝናቡ ይልቅ ይህ ነው ያራሳቸው። ልደት ያኔ ትዕግሥቷ አለቀና ከነፃነት እጅ ተወርውራ ረቢአ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ «ከእኔ በቀር ወደ ማንም አትሄድም» የተባለላት ልጅ ጥርስ በሌለው ድዷ ሳቀች። ነፃነት ሁለት ባዶ እጅ ይዛ ቀረች፤ የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ዝናቡ ያራሰው የወንዴ ፋሻም በራሱ ፈቃድ እየተፈታ፣ እየተፈታ ወርዶ ጭቃው ላይ ተከመረ። ከሥሩ የወጣው እጅ ጤነኛ፣ ሙሉ፣ ጭረት እንኳ የሌለበት እጅ ነበር። ሽምብራዋም አብራ ወደቀች።

«የታምር ቀን ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ተፈወሰ።»

አቶ ፈቃደ ግን እፍረቱ አልነበረም ያስጨነቃቸው፤ የሙጂብ ስልክ ነው። «አንተ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ቪዲዮ ነው። ዛሬ ማታ ባጃጅ ተራው ሁሉ ያየዋል። ‘የከሚሴ ነጋዴ ከአምስት ሰው ራት በሁለት ዣንጥላ አመለጠ።’ ርዕሱ አያምርም?»

አቶ ፈቃደ አሰቡ። ነጋዴ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል፤ የሲሚንቶ ደንበኛው፣ የቀለም ደንበኛው፣ የቆርቆሮ ደንበኛው በዓይናቸው ሥር ተራ በተራ ሳቁባቸው። «አይታጠፉም፤ ዝገዋል» የተባሉት ዣንጥላዎች ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ታጠፉ።

«እኔ ነኝ የማነሳው!» አሉ። «አያ አብዱልጀሊል፣ ይስጡኝ! ሰኔ የኔ ነው!»

«እኔ ነኝ!» አለ ወንዴ፣ ሁለቱንም ጤነኛ እጆቹን ዘርግቶ። «ዝውውሩ ቀርቷል!»

«ሴት ትቅደም!» አለች ነፃነት።

ሦስቱም በጭቃው ወደ አቶ አብዱልጀሊል ተንደረደሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጽዋ የተሻማ ሰው አይተው የማያውቁት ቄሰ ገበዝ እንዳይረገጡ ወደ ጎን ተንከባለሉ። አቶ አብዱልጀሊል የተጠቀለለውን ጽዋ ከራሳቸው በላይ ከፍ አደረጉ፤ ረጅም ሰው ናቸው።

«አብሽሩ፣ ረጋ በሉ! አማና ለተሻማ አይሰጥም» አሉ። «ሰኔ የኔ ነው፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ረቢአም አሥራ ሰባቱ ላይ ስድስት ደምራለች። ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን ተጣሉበት።»

ተጣሉበትም። አቶ ማስረሻ ባሕረ መዝገቡን ከዝናብ በባርኔጣቸው ከልለው ጻፉ፦ ሐምሌ፣ አቶ ፈቃደ። ነሐሴ፣ ወንዴ። መስከረም፣ ነፃነት። አቶ ፈቃደ ሐምሌን የያዙት ክረምት ቀለም ስለማይቀባ ሰበብ እንዳይኖራቸው ነው፤ ይህን ያስጠነቀቁት ወይዘሮ ወለተገብርኤል ናቸው። ሙጂብ በበኩሉ የጫቱን ጉዳይ አነሳ፤ አቶ ፈቃደ ሰኔን አላነሱም ስለዚህ አሸንፌአለሁ ይላል፤ ሐምሌን አንስተዋል ስለዚህ ተሸንፈሃል ብሎ የሚከራከረው ደግሞ ባጃጅ ተራ ላይ ይጠብቀዋል። ያ ክርክር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ዝናቡ አባራ። የንፍሮው ጥራጊ ለወፍ ተበተነ። ከዚያ በሥርዓቱ መሠረት ጽዋውን ያነሳ ሰው እየተዘመረለት እቤቱ መድረስ አለበትና፣ ቄሰ ገበዙ መቀመጫቸው ላይ የጨፋን ጭቃ ይዘው ከፊት ቀደሙ፤ ማኅበርተኛው ከኋላ እያጨበጨበ፣ አቶ አብዱልጀሊል መሐል ላይ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ረቢአ ልደትን አዝላ፣ በሽንኩርቱ ማሳ ዳር ዳር ሄዱ። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው አዩ። አንዱ «አብዱልጀሊል፣ ምን አገኘህ?» ቢላቸው፣ «እንግዳ» አሉ።

በራቸው ላይ ሲደርሱ ረቢአ ወደ አቶ ማስረሻ ዞረች። «አንቱ፣ ከማሳው ሆኜ ሲበሉ አይቻለሁ፤ እንደ ወፍ አንድ አንድ ፍሬ ነው። ሰኔ አንድ እንዲያ የለም። ‘ይቺን ብቻ’ ስልዎ ሦስት ጊዜ ነው የምልዎ፤ አራተኛውን አልልም፣ አጎርስዎታለሁ።»

አቶ ማስረሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ከዚያም ወደ ባጃጇ ሄዱ።

ማታ ከራታቸው በፊት ሬዲዮኑን አልከፈቱም። ባሕረ መዝገቡን አውጥተው፣ እርጥብ ገጾቹን በትንፋሻቸው አድርቀው፣ የአባላት ዝርዝር ላይ ደረሱ። በተራ ቁጥር ስድስት «አብዱልጀሊል» ብለው ጻፉ። ሥራ፦ ገበሬ። አድራሻ፦ ዋርካው። የሚቀጥለው ዓምድ «የክርስትና ስም» ይላል። አቶ ማስረሻ እዚያ ላይ ብዕራቸውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መዝገብ ሲሞሉ ባዶ ዓምድ ትተው አያውቁም፤ ሐሰትም አስገብተው አያውቁም። በመጨረሻም በጥሩ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት «አይመለከተውም» ብለው ሞሉት።

አንድ ዓምድ ቀረ፤ «አስተያየት» የሚለው። እሱን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«በሁለት እጁ ተቀብሏል።»